ሁለት ምላስ

በኢስቶኒያ ጠረፍ፣ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣
ሄልዩ ተንበርክካ፣ ሣር መሀል ለብቻ፣
ሁለት አገዳዎች ቀጥፋ ሰጠችኝ፤
«የቱ የቱ ነው?» ብላ በዓይኗ ፈተነችኝ።

አንድ ናቸው አልኳት፤ ያው ዘለላ፣ ያው ግንድ፣
ነፋስ ሲነካቸው የሚያጎነብሱ ባንድ።

ሳቀች። «ዓይን ሰነፍ ነው፤ አውራ ጣት ግን ያውቃል፤
ሰገባውን ዳስሰው፣ ሸካራው ይፍቃል።»
ዳሰስኩ። አንደኛው እንደ ሐር አመለጠኝ፤
ሌላው እንደ ድመት ምላስ ገዘገዘኝ።

«አሁን ቅጠሉን ግለጥ፣ ከአገዳው ሲለይ፣
እዚያ ጥግ የበቀለ ስስ ምላሱን እይ፤
የለስላሳው አጭር፣ ዱልዱም፣ ቁጥብ ናት፤
የሸካራው ረጅም፣ ሹል፣ ነጭ ስለት።
ይኼ ከአፈር በታች ሥር ለሥር ይሄዳል፤
ያ ላይ ላዩን ይድሃል፣ እርጥበት ይወዳል።»

ማታ ከቤቷ ውስጥ፣ ከመሳቢያው ሥር፣
አንድ ያረጀ ወረቀት፣ የደረቀ ሣር
አወጣች። ከግርጌው የወንድሟ የኤንደል ጽሕፈት፦
«ለስላሳው የመስክ ሣር»፤ ቀኑም አለበት፤
መርከብ ሳይሳፈር አንድ ሳምንት በፊት።

አጉሊ መነጽሩን አቀበለችኝ። አየሁ።
ምላሱ ረጅም ነው። ሹል ነው።
ዝም አልሁ።

እሷም ታውቃለች። ስንት ዓመት ታውቃለች።
እርሳሱ እዚያው አለ፣ ጫፉን ቀርጻዋለች፤
አልነካችውም ግን። ወረቀቱን መልሳ
መሳቢያውን ዘጋች፣ መብራቱን ቀንሳ።

«ኤንደልም እንደዚሁ፤ ምላሱ እንደ ጦር፤
ለስላሳ ነኝ እያለ
ሲምል ነበር።»