ትናንትን ማን ይሸከማል

ብሩክስ፣ አልበርታ። ረቡዕ ማታ።
ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ቧንቧው ሲንኳኳ፣ መብራቱ ሲያመነታ፣
ዘጠኝ ወንበር፣ ስድስት ሰው፤
ጓንታችን ማሞቂያው ላይ ተሰጥቶ የበሬ ስብ የሚሸተው።

አስተማሪያችን ዶሪን ናት፤ ስንዴ ስትዘራ ያረጀች፣
ባሏን ቀብራ፣ ትራክተሯን ሸጣ፣ እኛን ልትጠይቅ የመጣች።
«ዌር» ብላ ጻፈች በሰሌዳው፤ ከጎኑ «ዲድ»ን አቆመች።
«ምን ማለት ነው?» አልኳት። ጠመኔዋን እያሻሸች፦
«ለብቻው ምንም ማለት አይደለም፤
ያለ እሱ ግን ጥያቄሽ ደፍ አያልፍም።»

ሚዜ ትዝ አለኝ። እሱ አያገባ፣ አይዳር፣
ካልቀደመ ግን ሙሽራው ደጅ የሚያድር።

በእኛ አፍ እኮ ቀላል ነው፤ «መጣህ» ብዬ
ጭራዋን ቀና ካደረግኋት አለቀ ጥያቄዬ።
አንተም፣ መምጣትህም፣ ትናንትም በአንዲት ቃል ታጭቀው፣
እንደ ገበያ ቀን አውቶቡስ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ወድቀው።
እዚህ ግን ሥራ ተከፋፍሏል፣ ልክ እንደ ፋብሪካው መስመር፦
አንዱ ቆዳ፣ አንዱ ታፋ፣ እኔ ከጎድን አጥንት ጋር።
ጠያቂው ቃል ይቀድማል፤ ሚዜው ይከተላል፤ ከዚያ ባለቤት፤
ግሱ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ እንደ ተወለደበት ዕለት።

«ዌር ዲድ ሂ ዌንት?» አለ ማጆክ። ዶሪን ራሷን ነቀነቀች።
«አንዱን ጆንያ ሁለት ሰው ለምን ያዝለዋል?» ብላ ሳቀች።
«ትናንትን ዲድ ከተሸከመ፣ ዌንት ያውርድ፣
ጎ ይሁን፤ ባዶ እጁን ይሂድ።»

እኔ የመጣሁበት ሌላ ነው። ደሞዝ ወረቀቴ ላይ
ሁለት ሰዓት ጎድላለች፤ እንደ ወለቀ ጥርስ የምትታይ።
ያቺ ማክሰኞ፣ ቢላዋው ከጎድኑ አልፎ ጣቴን ያገኘባት፣
ነርሷ ዘንድ እጄን ታቅፌ ግድግዳ ሳይ የዋልኩባት።

አስካለ መክራኛለች፦ «መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቂው፣
ስለ በረዶው አንሺለት፣ ሥራውን አመስግኚው፣
ከዚያ በጎን በኩል…» አዎ። እንዲህ ነው ያደግነው፣
ጥያቄን ከምርቃት ሥር ደብቀን ነው የምንልከው።

አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ተለማመድኩ፦
«ዌር ዲድ ማይ ቱ አወርስ ጎ?» እዚያ ላይ ቆምኩ።
በአማርኛ «የት ሄዱ» ካልኩ ሄደዋል፣ በሩ ተዘግቷል።
በዚህኛው ግን ግሱ ገና ነው፤ ካፖርቱን እንኳ አልደረበም፤
ትናንትን ለዲድ አሸክሞ፣ በረንዳ ላይ ቆሟል።
ምናልባት ቢጠሩት ይመለሳል።

ዶሪን የዚያን ማታ መብራት ልታጠፋ ስትል አስታወሰች፦
«‹ማን› ብለሽ አድራጊውን ራሱን ስትፈልጊ» አለች፣
«ዲድ አያሻም። ግሱ የራሱን ሸክም ይሸከማል።
ሁ ቱክ። ማን ወሰደ። በቃ።»

ሐሙስ ጠዋት፣ የዋረን ቢሮ።
ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተገመጠ ዶናት፣ የልጁ የሆኪ ፎቶግራፍ።
ልጁን ልጠይቀው ነበር። እውነቴን ነው።
«ዌር ዲድ»ን ከምላሴ ጫፍ አሰልፌ ነበር፣
ሚዜው ከፊት፣ ሁሉም በየተራው።
አፌ ግን ሌላ በር ከፈተ፦
«ሁ ቱክ ማይ ቱ አወርስ?»

ያለ ሚዜ። ያለ ምርቃት። ያለ በረዶ።
ጆሮዬ ጋለ። ማሽኑ ከግድግዳው ማዶ ሲያጓራ ሰማሁት።
ዋረን ወረቀቱን ወሰደ፤ ገለበጠው፤
ባዶውን ገጽ ከሚገባው በላይ አየው።
ከዚያ ቀስ ብሎ፦
«አይ ዲድ።»

ግስ የለ፣ ሙሽራ የለ፣ ከኋላው የሚከተል የለ፤
ያ ለብቻው ምንም ያልነበረው ቃል
ትናንትን ሙሉ አዝሎ፣
መሐላችን ላይ ቆመ፣ ጉልበቱ ሳይርድ።

በወሩ መጨረሻ አንዷ ሰዓት ተመለሰች።
ለሌላዋ እንግዲህ
ረቡዕ አለ።