ጉዳዩ፦ ሰዓት ስለመጠየቅ

ለወረዳው ጤና ቢሮ፣ ለሚመለከተው ሁሉ፦
ከጃሙና ወንዝ መሃል፣ ከአሸዋ ደሴት ነው ቃሉ።
ሞሜና እባላለሁ፤ አዋላጅ ነኝ፣ አንድ ለእናቱ፤
ጣቢያዬ ቆርቆሮ ነው፣ ሁለት አልጋ፣ ፋኖስ ከነብልሽቱ።

አድራሻ አትጠይቁኝ፤ ደሴታችን አንድ ቦታ አይጸናም፤
ወንዙ የዋጠውን መሬት በዋጠበት በኩል አይተፋም።
አምና በራችን ወደ ፀሐይ መውጫ ነበረ፤
ቆርቆሮውን ነቅለን ተሸከምነው፣ ዘንድሮ ወደ መግቢያዋ ዞረ።

መኪና ስጡኝ አልልም፤ በየት መንገድ ይነዳል?
ሐኪምም አልልም፤ አንዱ መጥቶ ነበር፣ ሻንጣውን ሳይፈታ ሄዷል።
የምለምነው ሰዓት ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣
ሰከንድ የሚቆጥር፣ ሌሊት የማያንቀላፋ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል።

የጎርፉን ሌሊት ልንገራችሁ።

ጁሌኻን በኮባድ ጀልባ አመጧት፣ ጆንያ ላይ አጋድመው፤
አማቷ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ባሏ የገባውን ውሃ በጣሳ እየደፋው።
ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ። "የት ነበራችሁ?" አልኳቸው።
ጀልባው ዓሣ ሊሸጥ ሄዶ ነበር፤ ይኸው ነው መልሳቸው።

ልጅቷ ወጣች።
ዝም አለች።
የዝናብ ደመና መስላ እጄ ላይ ተዘረጋች።
ደቂቋ በደቂቃ እጅ ወደቀች፤
"አንድ ደቂቃ ነው ያለሽ" — መምህሬ እንዲያ ብላኝ ነበረች።

ፎጣው ሁሉ ረጥቧል። አሮጊቷ ሳሪዋን
ከትከሻዋ ገፋ ቀደደችው፤ በደረቁ ጫፍ ጀርባዋን
አሸሁ፣ አሸሁ።
ምንም።

ጭምብሉን ገጠምኩ። የአየር ፊኛውን ልጨምቅ፣ በምን ልቁጠር?
ሰዓታችን ከቆመ ከርሟል፤ ስልኬ ውሃ ጠጥቷል፤
የፈራ ሰው ቁጥሩ ይሮጣል፣ እጁም ተከትሎት ይሮጣል።

"ኮባድ!" አልኩ በቆርቆሮው ስንጥቅ፤ "እንደ መቅዘፊያህ ቁጠር!"
እሱም ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ ምን ሆነሽ ሳይል፣ ጀመር፦
አንድ —
ሁለት —
ሦስት — በቀዛፊ ትንፋሽ፣ ወንዙን በሚያውቅ እርጋታ፤
በእሱ ምት ጨመቅሁ፣ በእሱ ምት ለቀቅሁ፣ ዓይኔ ደረቷን ሲከታተል።
ኮባድ ከአርባ በላይ ቁጥር አያውቅም፤
አርባ ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይነሣል።

ይህን ጊዜ ከአልጋው ደም። ከሥሯ ያነጠፍኩት ላስቲክ
ቀዩን መስመር አልፏል። ሁለት እጅ፣ ሁለት ነፍስ፤ የቷን ልልቀቅ?
"እማማ፣ እዚህ ጋ፣" አልኳት አማቲቱን፣ "ከእምብርቷ በታች፣
እሺ፣ እንዳትተይ!" እሷም ጥርሷን ነክሳ አሸች፣ አሸች።
መርፌው ከዓሣው በረዶ ሣጥን ነበር፤ ባልየው አቀበለኝ፤
በኮባድ ሠላሳና ሠላሳ አንድ መሃል ወጋኋት።

ሦስተኛው አርባ። አራተኛው አርባ።
በአምስተኛው፣ አሥራ ሰባት ላይ፣
ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ጮኸች፤
የኮባድ ቁጥር እዚያው ተቆረጠ።

ሴት ስትወልድ "ተገላገለች" ይባላል፤
ያን ሌሊት ገላጋዩ ማን ነበር? እኔ ነኝ አልልም፤
አሮጊት፣ ቀዛፊ፣ አንድ ሣጥን የዓሣ በረዶ።

ሪፖርቴን መለሳችሁ፤ "ቅጹ አልተሟላም" አላችሁ።
የልደት ሰዓት በሚለው ሣጥን "አራት አርባ ከአሥራ ሰባት"
ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት።

ከእሷ በፊት፣ ዝናቡ ሲገባ፣ አንድ ወንድ ልጅ ነበረ።
በራሴ ቁጥር ጨመቅሁለት፤ ቁጥሬ ሮጠ፣ እጄ ሮጠ፣ እሱ ቀረ።
የሞተ ልጅ ቅጽ ሰዓት አይጠይቅም፤
የእሱ አልተመለሰም።

ጁሌኻ ደኅና ናት። ልጅቷም ከእናቷ ጡት መሃል
አልወረደችም፤ ሳሪው ከላይ ሸፍኗታል።
ስም ገና አልወጣላትም፤ ኮባድ ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር
"አርባዬ!" ይላታል።

ባትሪውን አብራችሁ ላኩ።
ሚስማሩን መትቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ሞሜና፣ አዋላጅ

ግልባጭ፦
ለኮባድ፣ ጀልባ ቀዛፊ
(ይነበብለታል)