ግን

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ካንሳስ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣
ስንዴው ሲያጎነብስ፣ ለነፋስ ሲገብር፣
ዴልመር ስታውት ይመጣል መሰላሉን ጭኖ፣
በሰባ አንድ ዓመቱ ጉልበቱን ለምኖ፣
የቤተ ክርስቲያኑን ሰሌዳ ሊቀይር፣
ያለፈውን አውርዶ አዲሱን ሊደረድር።
ስብከት አይሆንለት፣ ድምፁ ለመዝሙር ጎርናና፣
ፊደል ይሰቅላል እንጂ፤ ያ ነው የሱ ምስጋና።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የላስቲክ ፊደሎች
ጎዶሎ ናቸው አሁን፣ እንደ አዛውንት ጥርሶች።
ኤም ያለቀ እንደሆነ ደብልዩ ይገለብጣል፣
ኤስ ከጠፋችበት አምስት ቁጥር ያውላል፤
ጌታ እንደሁ ያነባል፣ መንገደኛም ለምዷል።

የዛሬውን መልእክት ፓስተር ኮልቢ ልኮታል፦
«የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው።» ስልኩ ላይ ደርሶታል።
ዴልመር አነበበ። መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ አነበበ።
ስህተት የለበትም። ቃል ነው። ያምንበታል፤
ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ በቃሉ ይዞታል።
ለኃጢአት የቁልምጫ ስም የሚያወጣ ሰው አይደለም፣
ዘመን ተለወጠ ሲሉት አብሮ ተለውጦ አያውቅም።

ረቡዕ ማታ ነበር የምእመናን ስብሰባ፤
ሦስተኛው አጀንዳ ነው ሆዱ ውስጥ የገባ።
የልጅ ልጁ ሬይሊን፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣
ሰባተኛ ወሯ፣ ሹራብም አልሸሸጋት፣
ያባቱን ስም እንኳ አልነገረች ለናቷ።
ጓደኞቿ ለመኑ አዳራሹን ለአንድ ቀን፣
ለኬክ፣ ለዳይፐር፣ ለስጦታ ሪባን።
ማርዲን ሆት ተነሣች፣ ድምፅዋም አልጎላ፤
«እወዳታለሁ። ኃጢአት ይሸለማል እንዴ?
ልጆቻችን ሲያዩ ምን ይማሩ በኋላ?»
እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፤ አሥራ አንድ ለሠላሳ።
የዴልመር ስታውት እጅ ለዚህም ለዚያም አልተነሣ።

በጥር ያው ዴልመር ነው በዚሁ ሣር ላይ የማለደ፣
አራት መቶ ትንንሽ ነጭ መስቀል በበረዶ መሬት የሰደደ፣
ስላልተወለዱት፣ መዳፉ እስኪላጥ በመዶሻው ምት።
ነገም ይተክለዋል። አልተጸጸተበት።
አንዲት ጥያቄ ናት ያልለቀቀችው ሌሊት፦
ከዚያ ሁሉ መስቀል፣ ከዚያ ሁሉ ጸሎት፣
ይወለድ ያልነው ሲመጣ በየት በር ይግባ? ከማን ቤት?

ሥራ ነው፤ ይሰቅላል። «የኃጢአት ደመወዝ…»
ሪህ የያዘው ጣቱ በላስቲኩ ሲደነዝዝ፣
«…ሞት ነው።» ነጥብ። ቀና ብሎ አየው፣
ድሮ አናጢ ሳለ ጠማማ ጣውላ እንደሚያየው።
ጥቅሱ አላለቀም። እዚህ አልቆመም ጳውሎስ፤
ትንፋሽ ሰበሰበ እንጂ፣ የቀረውን ሊጨርስ።
ተከታይዋ ቃል ትንሽ ናት።
ቁልፍም ትንሽ ነው መቼም፣
በሩ የቱን ያህል ቢገዝፍም።

ከታች ጠባብ መስመር፣ የአምልኮ ሰዓት ያለባት፤
ነቀላት። ባዶ ሆነች። አንዲት ቃል ብቻ የምትበቃት።
ካርቶኑን በረበረ፣ አገኘ፣ ሰቀለ፦
«ግን»
ከዚያ ወዲያ ቦታ የለ።

የእህል መኪና አለፈ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፤
«ግን ምን?» አለ ሾፌሩ፣ አንገቱን መልሶ።
ዴልመር ባርኔጣውን ነካ። አቧራው ቆይቶ ተኛ።

ሊጨልም ሲል መጣች፣ አንድ መብራት በጠፋባት መኪና፣
ሬይሊን፣ ከአይስክሬም ቤት ሥራ፣ በኮረኮንቹ ጎዳና።
ወርዳ ቆመች ከሥሩ። የላይኛውን አነበበች፣
ከንፈሯን ነከሰች፤
ወደ መኪናዋ ዞረች፤
ደግሞ ታችኛውን አየች።

«አያቴ፣ ግን ምን?»

ስለ ረቡዕ ሊነግራት ቃል ፈለገ፣ አጣ፤
ያላነሣት እጁ እንደ ድንጋይ ከብዳው ላቡ መጣ።
ነፋሱ ገፋ። መሰላሉ ዋለለ፣
«ፊደል አልበቃኝም» አላት፣ «የቀረውን እቤት» አለ፤
«አሁን ያዢልኝ ልውረድ፣
ይሄ ጉልበት እንደሁ አይታመን።»

አንድ እጇን ለብረቱ፣ አንድ እጇን ለሆዷ፣
ያዘችለት።
ቀስ እያለ ወረደ፣ እርከን በእርከን፤
እግሩ ሣሩን ነካ፤
እሷም ገና አልለቀቀችም።