እጥፍ

ማትሱያማ፣ ከገበያ አዳራሹ ምድር ቤት፣
ቺዙሩ ቆማለች፣ ከወረቀት ክምር ፊት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጣቷ የለመደው
ሣጥን አጋድሞ ጥጉን ማልበስ ነው።

አንድ ሽማግሌ፣ ኮቱ ዝናብ ያዘለ፣
ትንሽ ካርቶን ሰጣት፤ «ለሚስቴ ነው» አለ።
«የቱ ደስ ይላታል? ባለ ወፉ? ባለ አበባ?»
ብላ ስትጠይቀው፣ ድምፁ ወደ ሆዱ ገባ።
«ያሻሽን አድርጊው፤ ዓይኗ ጠፍቷል» አላት፣
«በጣቷ ነው የምታየው፤ ጥጉን አሳምሪላት።»

ወፉን፣ አበባውን መለሰች አጣጥፋ፣
ነጩን፣ ወፍራሙን ሳበች ከክምሩ ጫፍ።
ሣጥኑን በሰያፍ መሃሉ ላይ አስተኛች፣
አንዴ አገላበጠች፣ በጥፍሯ ተጫነች።
አንዱ መታጠፊያ የጸጉር ያህል ሳተ፤
ማንም አያየውም። እጇ ግን ሸፈተ።

ፈታችው እንደገና። ሰልፉ ጉምጉም አለ።
እሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቷ ተከተለ
የካርቶኑን ጠርዝ፣
እንደ ማታ መንገድ፣ በዳበሳ ጉዞ።

«ስንት ልክፈል?» ቢላት፣ «በነጻ ነው» አለችው።
ከሰልፉ ሦስተኛ ቆሜ አየሁ፤ ዋጋው በእጥፉ ነው ያለው።

ሽማግሌው ወጣ፣ ጥጉን በአውራ ጣቱ እየሞከረ፤
ዓይኑን ጨፍኖ ኖሮ፣ ደረጃው ላይ ሊወድቅ ነበረ።