የጫጫዋ ሩብ ሊትር

ስምንት ሰዓት ሌሊት። ደብረ ብርሃን። ኅዳር።
ውርጩ መስኮቴ ላይ ጨው ነስንሶ ሊያድር፤
ላፕቶፔን ታቅፌ ተቀምጫለሁ እኔ፣
ኮድ ሲፈጭ ይግላልና ይሞቃል ጎኔ።

የወተት ዩኒየኑ ሦስት ጣቢያ አለው፣
የሦስቱም ማሽን ግን ዘሩ ለየቅል ነው።
ጫጫ ያለው አሮጌ፣ ሠላሳ ሁለት ቢት፣
ሲነሣ የሚያቃስት እንደ ጎረቤት ባልቴት።
ደብረ ሲና ደግሞ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል፣
ሚዛን ሥር የተለጠፈች ቦርድ፣ መዳፍ የምታህል።
እዚህ ቢሮው ውስጥ አለ አዲሱ ሰርቨር፣
ስምንት ኮር ታጥቆ ሲያዛጋ የሚኖር።

ምንጩ ግን አንድ ነው፤ አንድ ላይብረሪ፣
ሊትር የሚደምር፣ የስብ ሒሳብ ነጋሪ።
መንዝ ያለው አባቴ ከአንድ መንጋ ጠጉር
ባናውን፣ ዝተቱን፣ በርኖሱን ያወጣል ሳይቸገር፤
ጠጉሩ ያው ጠጉር ነው፤ የሚለየው ጥብቀቱ፣
ለትከሻ ይሁን ለመኝታ ስፌቱ።

እኔም ለኮምፓይለሩ መመሪያ ጻፍኩለት፦
ይኼ ለሠላሳ ሁለት፣ ይኼ ለስልሳ አራት፣
ይኼ ከነማረሚያው፣ ይኼ ተራግፎ የሚሮጥ፣
ይኼ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚዋጥ፣
ይኼ ደጅ ቁጭ ብሎ ሲጠሩት የሚመጣ።
ለቦርዷም ለብቻ፣ አቅሟ ስላልቻለ፣
"ነጥብ አትቁጠሪ፣ ሙሉ ቁጥር ይበቃሻል" ተባለ።
ሁሉን በአንድ ትእዛዝ፣ ባንዴ አስነሣኋቸው፤
ግን አንድ ፎልደር ሰጠሁ፣ በአንድ ስም ጠራኋቸው፤
ማን በማን ላይ እንደጻፈ ሳላይ ላክኋቸው።

ማክሰኞ ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ አሰገደች፣
የጫጫ ተቀባይ፣ ሰላምታ ሳትጨርስ ጀመረች፦
"የኔ ልጅ፣ ማሽንህ ሩብ ሊትር ይበላል፤
ጣሳዬ ሰባት ከሩብ ሲል፣ እሱ ሰባት ይላል።
ባለላሙ ደግሞ እኔን ነው የሚያየኝ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ በጣሳ የሚያውቀኝ!"

ከፍቼ አየሁት ኮዱን። ስህተት የለበትም።
እኔ ማሽን ላይ ሩብ፣ ሩብ ነው፤ ጠብታም አይጎድልም።
እንዲህም አልኳት ደፍሬ፦ "እኔ ጋ ይሠራል።"
እሷም፦ "ታዲያ ወተቱ አንተ ጋ ይለካል?"

በማግስቱ ሚኒባስ። ጫጫ። ከጣሳዋ ጎን ቆምኩ፤
የማሽኑን ፋይሎች አንድ በአንድ ገለጥኩ።
ያቺ የቦርዷ ቃል፣ "ነጥብ አትቁጠሪ"፣
እዚያ ተቀምጣለች፣ ኪራይ የማትከፍል ነዋሪ።
መጨረሻ የተጻፈው ቅንብር ሁሉን ወርሶ፣
ጫጫን ደብረ ሲና አድርጎ፣ ልብሷን አልብሶ።
ስህተቱ ኮዱ ውስጥ የለም፤ አሳዳሪው ነኝና፣
ሦስቱን ባንድ አልጋ ያስተኛሁ በስንፍና።

አሰገደች ደብተር አወጣች፣ ካርቶን የለበሰ፣
ቀን በቀን፣ ስም በስም፣ የጎደለ የፈሰሰ፦
ወልደሰንበት ሩብ፣ ጥሩዓለም ግማሽ፣ ሞላልኝ ሦስት ሩብ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ በእርሳስ፣ በጎባጣ ፊደል፣ ያልተዛነፈ ሒሳብ።
ስህተት መዝጋቢ ፕሮግራም ስንት አየሁ በዕድሜዬ፤
ከዚያ ደብተር ፊት ግን አፈርኩ በሙያዬ።
ዩኒየኑ ዕዳውን ዐርብ ዕለት ከፈለ፤
ከእኔ ደሞዝ ይቆረጥ ያለም ነበር፤ ዝም ተባለ።

ይኸው ዛሬ ሌሊት ለየአንዳንዱ ቤት ሠራሁ፣
"ጫጫ"፣ "ደብረ ሲና"፣ "ቢሮ" ስል ጠራሁ፤
ምንጩ ሳይነካ፣ በየራሱ ጓዳ፣
የአንዱ ቅንብር ወደ አንዱ እንዳይቀዳ።
ጫጫ አለቀ። ቢሮው አለቀ። መቁጠሪያው ወደ ደብረ ሲና ወረደ፤
ሰማንያ ሰባት በመቶ ላይ፣ መብራት ሄደ።
ባትሪው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይለኛል፤
ጉልበቴን ያሞቀኛል፣ ጆሮዬን ይበርደኛል።

ነገ እደውላለሁ፣ "ተስተካክሏል" ልላት።
"እሺ" ትለኛለች፤ ጣሳዋን ግን አትጥልም፤
ቀድማ በጣሳ ሳትለካ ማሽኑን አታምንም።
ልክ ናት። አልከለክላትም።