የፌስታሉ ቆጠራ

ሐሙስ ነው፣ ገበያ፤ ሂርማታ ጨቅይታ፣
ካፊያው ከሌሊት አንስቶ ጋብ ሳይል ላንዳፍታ፣
አባ ቢያ መጡ፣ ከዴዶ ተሳፍረው፣
በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ ፌስታል አንጠልጥለው።
ሁለቴ የተቋጠረ፣
መንገዱን ሙሉ በጭናቸው ላይ ሲንኮሻኮሽ የነበረ።

«ያለዎትን ያምጡ አልሽኝ፤ ያለኝን አመጣሁ፤
ወላሂ አንድ አልደበቅሁም፣ ከትራስ ሥር ሳይቀር አወጣሁ።»

ዘረገፍኩት በመስታወቱ ላይ፣
መነጽሬን አጠለቅሁ፣ እንደ ምስር ለቃሚ፣ ፍሬ ከጠጠር ልለይ።

ይህ ነጩ ከሆስፒታል፤ ለግፊት፣ አንድ ማታ።
ይህ በቢጫ ካርቶን ከክሊኒክ፤ ለግፊት፣ አንድ ጠዋት።
ይህን ልጃቸው ከጅዳ በሰው እጅ የላከው፣
ጽሑፉ ዐረብኛ፤ ገልብጬ፣ ከጀርባው እውነተኛ ስሙን አነበብኩት።
ሦስት ካርቶን፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ዋጋ ያለው
አንድ መድኃኒት።

እግራቸው አብጦ ቦቲው እምቢ ብሏቸው፣
በዚህ ጭቃ በነጠላ ጫማ ነው አመጣጣቸው።
ላበጠው እግር የሚያሸና ክኒን ታዘዘላቸው፣
ቢሸኑ ቢሸኑ ደግሞ ምድር ዞረችባቸው፤
ለዞረው ራስ ሌላ ክኒን፣ ለዚያ ክኒን የጨጓራ፤
መድኃኒት መድኃኒት ወልዶ፣
ከፌስታሉ ውስጥ ሆኖ ዘመድ አዝማዱን ይጠራ።

ማን በደለ ልበል?
ሐኪሙ፣ ደጁ ላይ መቶ ሰው ተኮልኩሎ እየታየ፣
ክሊኒኩ፣ የሆስፒታሉን ካርድ ከቶ ያላየ፣
ልጅየው፣ ከደሞዙ ቀንሶ ላባቱ የለየ፤
ሁሉም በየፊናው ደግ ነው፤
ደግነት ከደግነት ግን ዓይን ለዓይን አልተያየ።

ከሁሉ ሥር አንድ ስትሪፕ፣ በመሐረብ የታሰረ፣
ስድስቱ ተፈልፍሎ አራቱ የቀረ።
«ይሄስ?»
ዝም አሉ። በቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ተናገረ።
«የረህመት ነው» አሉ ቆይተው። «ለወገቧ ነበረ።
ጉልበቴን ሲያመኝ ከሷ እወስዳለሁ፤
እንዳያልቅብኝ ብዬ፣ ግማሽ ግማሽ አደርጋለሁ።»

ይህ ክኒን ግፊት እንደሚጨምር፣ ኩላሊት እንደሚጎዳ
ተምሬያለሁ፤ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ አውቀዋለሁ።
ቀጥሎ ምን እንደሚባል ግን
መጽሐፉ ላይ የለም፤ ገጹ ያልቃል፤ እኔም ዝም አልሁ።

ለሐኪሙ ደወልኩ፤ ተያዘ። ደወልኩ፤ ተያዘ።
በሦስተኛው አነሳ። ተመካከርን፤
ከሦስቱ ሁለቱን ተውን፣ የሚያሸናውን አስቀረን፣
ለሐሙስ ግፊት ልለካ ቀጠርን።

ማንበብ ስለማይችሉ በካርቶኑ ላይ ጨረቃ ሳልኩ፣ ለማታ።
አዩት፤ አገላበጡት። «ታዲያ» አሉኝ በእርጋታ፣
«ክረምት አይደል? ደመና ጋርዷት ባትወጣስ?»
ጨረቃዬን ሰረዝኩ። «እሺ፤ ከኢሻ ሶላት መልስ።»

አራቱን ፍሬ ፈልፍዬ በማስወገጃው ሣጥን ጣልኩ፤
ባዶውን ስትሪፕ ግን በመዳፋቸው አኖርኩ።
በጣታቸው ዳበሱት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣
የትኛው በሷ ጥፍር እንደተከፈተ የሚያውቁ ይመስል፤
ከዚያ ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱት።
ተንኮሻኮሸ።

ማታ ባለቤቱ ሒሳብ ሊዘጋ መጣ፤ «ነጂባ፣
ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ስንት ብር ገባ?»
ምንም። አንድ ሰው። ሙሉ ሰዓት። አንድ ፌስታል።
ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፤ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤
መብራቱን አጠፋ፣ መዝጊያውን ሳበ፣ ቆለፈ፤
ጃንጥላውን ሊዘረጋ እየታገለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣
«እናቴም» አለ፣ «ፌስታል አላት።»