ሩብ ዙር

ድሬ፣ ስድስት ሰዓት።
ውሻ ከባጃጅ ሥር ጥላ ሲለማመጥ፣
ከዚራ በር ዘግቶ በላብ ሲገላበጥ፣
ረምዚ መጣ ከሑርሶ፣ በአቧራ ተለውሶ፣
መጋዙን እንደ ታመመ ፍየል ትከሻው ላይ አንግሶ።

«ጋሽ ደምሰው፣» አለ፣ «ይሄ ሞተር ታሟል፤
ሲነሣስ ይነሣል፣ ግንድ ሲነክስ ይዝላል።
ያን እሾሃም ዛፍ እንጃ ማን እንዳመጣብን፣
ውሃችንን ጠጥቶ ግጦሹን ዘጋብን።
በቀን አሥር ግንድ ነበር የተዋዋልኩት፤
ሦስተኛው ላይ ዞረበት፣ ጥላ ሥር አስተኛሁት።»

ጋሽ ደምሰው አልሰማም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባቡሩ ጋራዥ
መዶሻና ናፍጣ ሲደልቁበት ውለው፣
አንድ ቀን ጆሮው ራሱ ጡረታ ጠየቀው።
ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚያዳምጠው በመዳፉ ነው።

የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው
እጁን መጋዙ ደረት ላይ ጣል አደረገው።
«አስነሣው።»
ገመዱን ሳብኩት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
እስኪብረከረክ ጉልበቴ።
ተነሣ። ሳለ። አጉረመረመ።
ነዳጅ ስሰጠው መልሶ ታመመ።

«ልቡ ደህና ነው፣» አለ ጋሼ፣ «ታፍኖ ነው እንጂ፤
ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ የሠራው ፈረንጂ
የእርሳስ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ነው የሚያስተነፍሰው።
እስቲ ማርሚታውን ፍታው።»

ሁለት ብሎን። ጥቀርሻ። ከጥቀርሻው ሥር
ጥፍር የምታህል ወንፊት፣ የጠቆረች ሽቦ።
ልጥላት ስል እጄን ያዘ፣ አየኝ ተሰብስቦ፦
«እሷን አጥበህ መልሳት፣ ብልጭታ ያዥ ናት፤
የሑርሶ ሣር ደረቅ ነው፣ ክብሪት ነው የሚጠብቃት።»

ትራፓኖው ጮኸ። ቆርቆሮው ተበሳ።
በሊማ ዙሪያዋን ስሞርድ፣ ብናኙ ሲነሣ፣
ቀዳዳዋ ሰፋች፤ ከአተር ወደ ለውዝ፣ ከለውዝ ወደ ቴምር፤
ጋሼ ጣቱን ሰደደና «ይብቃት፣» አለ፣ «አትቆምር።
አለቅጥ የተከፈተ ጉልበት የለው፣ ድንፋታ ብቻ ነው፤
የጫት ተራ ደላላ አታድርገው።»

አሰርኩት። አስነሣሁት።
አቤት!
ርግቡ ሁሉ ከቆርቆሮው ጣራ ተነሥቶ ሸሸ፣
የስንቱ የቀን ሕልም እኩሌታው ላይ ተበላሸ።
ወይዘሮ ሱአዳ ባንድ እግር ነጠላ ጫማ ወጥታ
ሰባት ትውልድ ሰደበችን፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትገታ።
ጋሼም ፈገግ ብሎ እጁን አነሣላት፣
ሰላምታ መስሎት።

ረምዚ ሊከፍል ኪሱ ገባ።
«ቆይ፣» አለው። ካንዴላዋን አስፈታኝ፣ አየናት፤
እንደ አጥንት ነጥታለች፣ ምንም ጥላሸት የላት።
«አየህ? ተርቧል።
አፉን ከፈትክለት፣ እንግዲህ አጉርሰው!
ነፋስ ብቻ የዋጠ፣ ሞተርም ሆነ ሰው፣
ቀን ሙሉ ይፎክራል፣
ማታ ፒስቶኑ ይቀልጣል።»

ቀጭኗን ካቻቪቴ ከጆሮው ኋላ መዘዛት
(ያ ጆሮ ለሌላ ሥራ ከዋለ ቆየት)፣
የካርቡራቶሩን ብሎን በስሱ ነካ አድርጎ
«ሩብ ዙር፣» አለ፣ እንደሚጸልይ ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ።
ጩኸቱ ወፈረ። መዳፉ ሥር ረጋ።

እኔም ያን ጩኸት እንደ ጋቢ ተከናንቤ
ሦስት ዓመት የዋጥኩትን አወጣሁት ከልቤ፦
«ጋሼ፣ ደሞዙ አይበቃም!
እናቴ ሳቢያን ነው ያለችው፣ ኪራይ አለባት፤
ሙያውን ሰጠኸኝ፣ አፌን ከፈትክልኝ፣ ምን ልጉረስበት?»
ረምዚ አልሰማም። እኔም ራሴን አልሰማሁት።
የጋሼ ሌላው እጁ ግን
ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ረስቼው።

ሞተሩን አጠፋ።
ከደቻቱ ማዶ አንድ አህያ ሲያናፋ
ከረምዚ ብር ላይ ቆጠረና ጥቂት ኖት
መዳፌ ላይ አኑሮ ጣቶቼን ዘጋቸው በላያት።
«ሩብ ዙር፣» አለኝ፣
«ከዚህ በላይ ብከፍትህ ትጮሃለህ እንጂ አትቆርጥም።»

ወይዘሮ ሱአዳ ግን ገና አልጨረሰችም።